አጓት በጣሳ

ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሶ ከቢሮ ስንወጣ አንድ ባልንጀራችን ከወንበሩ ሳይነሣ «እናንተ ሂዱ፤ የእኔ ምሳ እዚሁ ነው» አለን። ቀጥሎም ከመሳቢያው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ከጠረጴዛው ሥር ካስቀመጠው ትልቅ ጥቁር ጣሳም ሁለት መስፈሪያ ሙሉ ነጣ ያለ ዱቄት እየዘቀ ጨመረበት፤ ውኃ አፈሰሰበትና ቅል እንደሚንጥ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንጠው ጀመር። አረፋው ጋብ ሲል በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ አፉንም በመሐረብ ጠረገ። ምሳው ይኸው ነበር።

ይህ ባልንጀራችን ሰነፍ ወይም ሞኝ ሰው አይደለም። በትምህርቱ ከኛ ይበልጥ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱም የሚመሰገን ነው። ከሥራ በኋላ በሳምንት አራት ቀን ብረት ለማንሣት ይሄዳል፤ ይህም ከመሸታ ቤት የሚሻል የምሽት መዋያ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የጣሳውን ዋጋ ስንጠይቀው እያመነታ የነገረን ቁጥር የወር ደመወዙን ሲሶ የሚያክል ሆኖ አገኘነው። ይህንኑ ለማብቃቃት ሲል ምሳውን ትቷል። በሦስተኛው ወር ሚዛን ላይ ቢወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሶ ተገኘ። እርሱ ግን ከዚህ የተማረው ሌላ ነገር ነው፤ መስፈሪያውን ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ ለማድረግ እያሰበ መሆኑን አጫወተን።

በሰው ላይ ለመፍረድ ብቻ ብዕር አነሡ እንዳንባል የራሳችንንም እንናገር። ተማሪዎች ሳለን በሦስተኛው ዓመት ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን እንዲህ ያለ ጣሳ ገዝተን ነበር። ከአልጋ ሥር ቆልፈንበት፣ በተራ እየተጠባበቅን፣ አንዱ ቆልሎ ዘቀ ሌላው አጉድሎ ዘቀ እየተባባልን በሦስት ሳምንት ጨረስነው። ያተረፍነው ነገር ቢኖር የሆድ መነፋትና መጠነኛ ጠብ ነው። የሆድ መነፋቱ ምክንያት በኋላ ገብቶናል፤ ዱቄቱ ውስጥ የወተት ስኳር ይገኛል፤ ይህንንም ስኳር በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ብዙ ጎልማሳ ሰው በደንብ መፍጨት አይችልም።

ባዶውን ጣሳ ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ይዘነው ሄድን። እናታችን አገላብጠው ካዩት በኋላ ምን እንደ ነበረበት ጠየቁን። እኛም የተማርነውን ለማሳየት ጽሑፉን እየተረጐምን «ይህ ወተት ረግቶ አይብ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ውኃ ተጣርቶና ደርቆ የተዘጋጀ ነው» ብለን አስረዳናቸው።

«አጓት ነዋ!» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «ለጥጃ የምንሰጠውን አጓት ነው በገንዘብ የገዛችሁት?» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ጣሳው በሶ መያዣ ሆኗል፤ ክዳኑ ጥብቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አያስገባም ብለው ያመሰግኑታል።

እናታችን ያሉት እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በእኛ አገር ወተቱ ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በእሳት ሲሞቅ አይቡ ይረጋል፤ ከአይቡ የሚጠልለው ውኃ አጓት ይባላል። የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካ አይብ የሚሠራው ካልተናጠ ወተት ነው፤ የሚቀረውም አጓት ብዙ ነው። ከዐሥር ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ያህል አይብ ሲወጣ ዘጠኝ ሊትር ያህል አጓት ይተርፋል። በአንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከስድስት እስከ ስምንት ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ ባልንጀራችን በመስፈሪያው የሚዘቀው ሃያ ግራም ፕሮቲን ከሦስት ሊትር አጓት የተለቀመ ነው ማለት ይቻላል። የቀድሞዎቹ አይብ ሠሪዎች አጓቱን ለአሳማ ይሰጡት ወይም ወደ ወንዝ ይደፉት ነበር፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባም የውኃውን ኦክሲጅን እያሳጣ ዓሣውን ይፈጅ ስለ ነበር ሕግ መጣበት። በኋላም እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት ፕሮቲኑን ከውኃው ለይቶ ማድረቅ ሲቻል፣ የሚደፋው ነገር ገበያ አገኘ። ይህ በራሱ የሚደነቅ ጥበብ ነው። ፕሮቲኑም መናኛ አይደለም፤ ለሰውነት አስፈላጊ የሆኑትን የፕሮቲን ክፍሎች ሁሉ የያዘና በቶሎ የሚፈጭ ነው። እንግዲህ ክርክራችን ከጥበቡም ከአጓቱም ጋር አይደለም። ክርክራችን አጓቱ ምሳ ሆኖ ከመቅረቡ ጋር ነው።

ፕሮቲን የሚለው ስም ራሱ ብዙ ትምክሕት የተሸከመ ነው። ስሙ በጽሑፍ የወጣው በ1838 ሲሆን (ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ያወጣው ሙልደር የተባለ የሆላንድ ኬሚስት ነው፤ ስሙን የመከረው ግን የስዊድኑ ሊቅ ቤርሴሊዩስ ነበር። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ «ፊተኛ» ወይም «ቀዳሚ» እንደ ማለት ነው። ከዚያም ታላቁ የጀርመን ኬሚስት ሊቢሽ ሰው በሥራ ጊዜ የሚያቃጥለው የጡንቻውን ፕሮቲን ነው ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ እውነት ከሆነ፣ ጉልበት የፈለገ ሰው ሁሉ ሥጋ መብላት አለበት ማለት ነው። ሊቁ ቆይቶ የሥጋ ጭማቂ አዘጋጅቶ ለሚሸጥ ኩባንያ ስሙን እንዳዋሰም መጥቀስ ተገቢ ይመስለናል። ሳይንስና ንግድ በአንድ ማዕድ መቅረባቸው የዛሬ ነገር አይደለም።

ይህን ትምህርት የፈተኑት ሁለት የዙሪክ መምህራን ናቸው፤ አንዱ ፊክ የተባለ የሰውነት አሠራር ሊቅ፣ ሁለተኛው ቪስሊሴኑስ የተባለ ኬሚስት። በኦገስት 30 ቀን 1865 በስዊስ አገር ከብሪየንትስ ሐይቅ ዳር ተነሥተው ፋውልሆርን የሚባለውን ተራራ ወጡ፤ ሽቅብ የወጡት ከፍታ ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ነው። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ፕሮቲን ያለበት ምግብ አልቀመሱም። የበሉት በስብ የተጠበሰ የስታርች ቂጣ ነበር፤ የጠጡትም ሻይ በስኳር። የተቃጠለ ፕሮቲን ናይትሮጅኑ በሽንት ስለሚወጣ በመንገዱ ሁሉ ሽንታቸውን እያጠራቀሙ ለኩት። (የሳይንስ ሰው መሆን ይሉኝታን አያውቅም።) ሂሳቡ ሲሠራ በሰውነታቸው የተቃጠለው ፕሮቲን ያን ተራራ ለማስወጣት የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ተራራውን ያወጣቸው ቂጣውና ስቡ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለባልንጀራችን የሚሆን ነገር አለ። ፕሮቲን ለሰውነት የቤት መሥሪያ እንጨት ነው፤ ምሰሶና ማገር ይሆናል። ምድጃው የሚነደው ግን በእህልና በስብ ነው። ማገዶ ያለቀበት ሰው ምን ያደርጋል? ለቤት መሥሪያ ያመጣውን ማገር ፈልጦ ያነዳል። ምሳውን ትቶ፣ ማታ ብረት አንሥቶ፣ በቂ እህል ያላገኘ ሰውነትም እንዲሁ ነው፤ በውድ የተገዛውን ፕሮቲን ለማገዶ ያውለዋል፤ ያም አልበቃ ሲለው ከገዛ ጡንቻው ይፈልጣል። ሁለቱ ኪሎ የሄደው በዚህ መንገድ ነው ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም። መስፈሪያውን ወደ ሦስት ከፍ ማድረግ ማለት ለምድጃው ሌላ ማገር መጨመር ነው።

የዱቄቱ ንግድ ከምንገምተው በላይ አሮጌ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከወተት የተሠራ «ፕላዝሞን» የሚባል የፕሮቲን ዱቄት በእንግሊዝና በአሜሪካ ይሸጥ ነበር፤ ደራሲው ማርክ ትዌይን እንኳ ገንዘቡን እስከ ማግባት ደርሶበታል። በ1950ዎቹም ሆፍማን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ነጋዴ ብረቱን ለሚገዙት ወጣቶች የአኩሪ አተር ዱቄት አብሮ ይሸጥላቸው ነበር። ብረት አንድ ጊዜ ከተገዛ ልጅ ይወርሰዋል፤ ዱቄት ግን በየወሩ ያልቃል። ነጋዴ ከሁለቱ የትኛውን ሊወድ እንደሚችል አንባቢያችን ይፍረድ።

አሁን ወደ ዛሬው ሳይንስ እንምጣ። በ2018 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት 49 ሙከራዎችን በአንድ ላይ አሰባስቦ መርምሯል፤ በሙከራዎቹ የተካፈሉት ሰዎች 1863 ናቸው። ሁሉም ክብደት ማንሣት ይለማመዱ የነበሩ ሲሆን ከፊሎቹ ተጨማሪ ፕሮቲን ይሰጣቸው፣ ከፊሎቹ አይሰጣቸውም ነበር። ውጤቱ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ ተጨማሪው ፕሮቲን በእርግጥ ጠቅሟል፤ ሆኖም ጥቅሙ ስብ ባልሆነው የሰውነት ክፍል ላይ በአማካይ 300 ግራም ያህል ብቻ ነው። ጡንቻውን በዋናነት የሠራው ብረቱ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በቀን የሚበላው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ከደረሰ በኋላ ከዚያ በላይ መጨመሩ ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ጡንቻ አላስገኘም። ብረት የማያነሣ ጤነኛ ጎልማሳ ደግሞ ለኪሎ 0.8 ግራም እንዲያገኝ ነው የሚመከረው።

ብረት በተነሣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ዋጋ የለውም የሚባለውንም ነገር በ2013 የታተመ ሌላ የማሰባሰቢያ ጥናት አይቶታል። የቀኑ ጠቅላላ ፕሮቲን እኩል ከሆነ የሰዓቱ ጉዳይ ልዩነት ማምጣቱ አልታየም። ከልምምድ በኋላ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ወደ ጠርሙስ መሮጥ አያስፈልግም፤ ተረጋግቶ ቤት ገብቶ እራት መብላት ይበቃል።

ባልንጀራችን አሁን ስድሳ ኪሎ ይመዝናል። 1.6 በስድሳ ሲባዛ 96 ግራም ይሆናል። ይህ ቁጥር ሲሰማ ያስፈራል፤ ያለ ጣሳም የማይደረስበት ይመስላል። ስለዚህ አንድ ቀን እሑድ እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን።

ጠዋት አንድ ሰሐን ፉል በሁለት እንቁላልና በአንድ ዳቦ ይብላ። ለፉሉ ስድሳ ግራም ደረቅ ባቄላ ቢገባ 15 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ሁለቱ እንቁላል 12፣ ዳቦው 8 ገደማ፤ ድምሩ 35 ነው። ለምሳ ሽሮ፤ ስድሳ ግራም የሽሮ ዱቄት 13 ግራም ያህል አለው። አንድ እንጀራ ከመቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ይወጣል ብንል 10 ግራም ገደማ ይዟል፤ አንድ ተኩል ቢበላ 15። ምሳው 28 ሆነ። ዐሥር ሰዓት ላይ ከጠረጴዛው ላይ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ፣ ሃምሳ ግራም ቢሆን፣ 10 ግራም ይጨምርለታል። ማታ ምስር ወጥ ከአንድ እንጀራ ጋር 25 ግራም ገደማ፣ ከመኝታ በፊት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8። ሁሉም ሲደመር 106 ግራም ነው። ሥጋ ገና አልነካንም።

በዚህ ሂሳብ ላይ ሁለት ነገር ልንደብቅ አንፈልግም። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከወተቱና ከእንቁላሉ ይልቅ ሲፈጭ ጥቂት ይባክናል፤ ያን ዐሥር ግራም ትርፍ ለዚህ ያዙልን። ሁለተኛው ሽሮው ነው። ከአንዳንድ ምግብ ቤት የሚቀርበው ሽሮ ሰማይ የሚታይበት ቀጭን ከሆነ ሂሳባችን ይፈርሳል፤ ለዚህ የሚጠየቀው ባለቤቱ እንጂ ሽንብራው አይደለም።

የጥራጥሬ ፕሮቲን ጎደሎ ነው የሚሉም አሉ። ለብቻው ከተበላ ቅሬታው እውነትነት አለው። ጥራጥሬ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ሞልቶለት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፤ እህል በተቃራኒው ሜታዮኒኑ ደህና ሆኖ ላይሲኑ ያንሰዋል። ጤፍ በላይሲን ከስንዴ የተሻለ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ትሪ ሲቀርቡ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። እንጀራን በሽሮ፣ እንጀራን በምስር፣ የገብስ ቆሎን ከሽንብራ ጋር ያጣመሩት አያቶቻችን ስለ ላይሲን የሰሙት ነገር አልነበረም። ጥምረቱ ግን በማዕዳቸው ላይ ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስል፣ በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች አመጋገብ መርምሮ ነበር። ምግባቸው አብዛኛው ከእህልና ከአትክልት የተገኘ ነው። ከሚያገኙት ኃይል ውስጥ 64 በመቶው ከእህል ዓይነት ምግብ፣ 12 በመቶው ብቻ ከፕሮቲን የመጣ ሆኖ ሳለ፣ የቀን ፕሮቲናቸው ለኪሎ 1.8 ግራም ደርሷል። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ይሮጣሉ፣ ብዙ ይበላሉ። ብዙ እህል የሚበላ ሰው ብዙ ፕሮቲንም አብሮ ይበላል።

ምግብ ከዱቄት የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። በ2017 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዐሥር ወጣት ወንዶችን እግራቸውን በክብደት ካሠሩ በኋላ አንድ ጊዜ ሙሉ እንቁላል፣ ሌላ ጊዜ የእንቁላሉን ነጭ ብቻ አበሏቸው። በሁለቱም ጊዜ የተሰጣቸው ፕሮቲን 18 ግራም ነው። ሙሉውን እንቁላል ሲበሉ የታየው የጡንቻ ግንባታ በ40 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። የተለካው ለጥቂት ሰዓታት እንጂ ለወራት ስላልሆነ ከዚህ ብዙ መደምደም አይገባም። ሆኖም ያን ቢጫ አስኳል እየጣለ ነጩን ብቻ የሚበላውን ሁሉ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ነው። ባቄላ ብረትና ዚንክ፣ ሆድን የሚያስተካክል ገለባ፣ ለምድጃውም ማገዶ ይዞ ይመጣል። ጣሳው ይዞ የሚመጣው ፕሮቲንና የቫኒላ ሽታ ነው።

ስለ ጾም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በዐቢይ ጾም ከእንቁላልም ከወተትም ተከልክሎ፣ በሽሮና በምስር ጸንቶ፣ ማታ ግን ጠርሙሱን የሚንጥ አንድ የምናውቀው ወጣት ነበር። አጓት ከላም እንደሚገኝ ስንነግረው እጅግ ደነገጠ። «ዱቄት ነውኮ!» አለን። ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የሚሠራ ዱቄት አለ፤ እርሱ ለጾም ይሆናል። ግን ከአተር የሚሠራውን ለመፈለግ ባሕር ማዶ ከመሻገር በፊት አተር ክክ በየጉልቱ እንደሚሸጥ እናስታውሳለን። ከላይ የጻፍነው የቀን ምግብ እንቁላሉና ወተቱ ቢወጡለት 86 ግራም ይቀረዋል፤ ሌላ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ ሲጨመርበት 96 ይሞላል። በጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሚቀሩ ግን ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ከጥራጥሬ እንደማይገኝ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳ ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው።

ጣሳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ይታመናል ወይ? ዴንማርካዊው ኪየልዳል በ1883 በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ያወጣው ዘዴ የሚለካው ፕሮቲኑን ሳይሆን ናይትሮጅኑን ነው፤ ከናይትሮጅኑም የፕሮቲኑ መጠን ይሰላል። ዘዴው ለቅን ነጋዴ ጥሩ ነው። አታላይ ነጋዴ ግን ናይትሮጅን ያለበትን ርካሽ ነገር ቢደባልቅ መለኪያው ይታለላል። በ2008 በቻይና የሕፃናት ወተት ላይ ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስቱ ሞቱ። በስፖርት ዱቄት ንግድም ርካሽ የሆኑ የፕሮቲን ክፍሎችን ለብቻቸው እየጨመሩ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ የታወቀ ማጭበርበር ነው። በአሜሪካ እንኳ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት የመንግሥትን ማረጋገጫ ማግኘት አያስፈልገውም። እንግዲህ ከዋናው ጣሳ ወጥቶ በላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ፣ ስም ሳይኖረው፣ በትውውቅ የሚሸጠውን ዱቄት የሚጠጣ ወጣት ምን እንደሚጠጣ የሚነግረው ማን ነው? ባቄላ ባቄላ መሆኑ በዓይን ይታወቃል።

ዱቄት ሁሉ ከንቱ ነው እያልን እንዳልሆነ ይታወቅልን። የአገራችን ሰው ፋፋን ያውቃል። በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር የተዘጋጀ፣ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ተደባልቆ ቪታሚን የተጨመረበት የሕፃናት ምግብ ነው፤ ስሙም ልጅ ፋፋ ከሚለው የራሳችን ቃል የተወሰደ ነው። ጡት የሚተው ሕፃን ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ትሪ ሙሉ እንጀራና ሽሮ ሊበላ አይችልም፤ በጥቂት ገንፎ ብዙ ነገር መግባት አለበት። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከሕመም የተነሣ ሰውም፣ ጥርስ ያጣ ሽማግሌም፣ ከልምምድ ወደ ልምምድ የሚሮጥ ስፖርተኛም በዱቄት ቢረዱ ተገቢ ነው። ሙሉ ጥርስ ያለው የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ከነዚህ ጋር የሚሰለፍበት ምክንያት አይታየንም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ደግሞ በሐኪም ምክር ካልሆነ በቀር ወደ ጣሳው ባይጠጋ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ለባልንጀራችን ስናነብለት የሰጠን መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከባድ ነው። «ማን ያበስልልኛል?» አለን። በእውነቱ የብዙ ወጣት ሠራተኛ ችግር ይኸው ነው። በአንዲት ኪራይ ክፍል ይኖራል፤ ምጣድ የለውም፣ ቢኖረውም ጊዜ የለውም። እንቁላሉ ተወዷል፣ ወተቱም ተወዷል። ዱቄቱ ግን ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። የጣሳው ሻጭ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ከጡንቻው ይልቅ የሚሸጥለት ምድጃ የሌለውን ሰው ድካም ነው። ስለዚህ «አብስለህ ብላ» ብለን ብናልፈው ምክር አይሆንም።

እርሳሱን እንደገና አነሣን። በጣሳው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ አብረን ቆጠርን። ፉል ቤት ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት አለ፤ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይከፈታል። የተቀቀለ እንቁላል ሻይ ቤቱ አለ። ሁለት ኪሎ የሽንብራ ቆሎ ተቆልቶ ይገዛል፤ መሳቢያ ውስጥ ወር ይቀመጣል፤ ማብሰያም መናጫም አይፈልግም። ኦቾሎኒም እንዲሁ። ለምሳ ደግሞ አራት ሆነን አንድ ትሪ ስናዝ ለየብቻ ከማዘዝ ይቀላል፤ ሽሮውን ወፈር አድርጉት ብሎ ለማዘዝም አራት ሰው ከአንድ ሰው ይልቅ ይደመጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለጣሳው ከሚወጣው ሳይደርስ ቀረ፤ በተረፈውም ቅዳሜ ቅዳሜ ጥብስ እንደሚገባ ባልንጀራችን ራሱ አስልቶ ደረሰበት። ፊቱ የፈካው እዚህ ላይ ነበር።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምሳ ከኛ ጋር ይበላል። ጣሳው ገና አላለቀም፤ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ነገር ጣለው ልንለውም አልደፈርንም። ከምሳ ስንመለስ አንድ መስፈሪያ ዘቆ ይንጠዋል፤ እኛም አረፋው ጋብ እስኪል እንጠብቀውና አብረን ወደ ሥራችን እንገባለን።